ረጅሙና አጭሩ የቤንዚን መንገድ
የአሮጌ ሞተር ብስክሌት የነዳጅ ችግርና የማጂ ታሪክ

ቤንዚን በማጂ ተራራ ላይ በአንዲት ሞተር ብስክሌት ሲሊንደር ውስጥ ከመንደዱ በፊት ሁለት መንገዶችን ይጓዛል። የመጀመሪያው እጅግ ረጅም ነው፤ ነዳጁ በአሰብ ወደብ በኩል ይገባ በነበረበት ዘመን በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በቦንጋና በሚዛን ተፈሪ አልፎ ማጂ እስኪደርስ ከ1,500 ኪሎ ሜትር ይበልጥ ነበር። ሁለተኛው ከአንድ ክንድ ብዙም አይበልጥም፤ ከቤንዚን ታንኩ ተነሥቶ በመክፈቻው፣ በጎማ ቱቦውና በካርቡሬተሩ በኩል ወደ ሲሊንደሩ ይዘልቃል። ሞተር አልነሣ ወይም አልጎትት ሲል አብዛኛው ሰው የሚመረምረው ይህን ሁለተኛውን መንገድ ብቻ ነው፤ ከእርሱም ቢሆን የመጨረሻዋን ጫፍ፣ ማለትም ካርቡሬተሩን ነው።

የደቡብ ምዕራቡ የቡና አገር ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያስተምራል። በዚያ አገር ችግሩ በካርቡሬተሩ ውስጥ ቢታይም የሚወለደው አብዛኛውን ጊዜ ከካርቡሬተሩ በፊት፣ አንዳንድ ጊዜም ከሞተር ብስክሌቷ በፊት ነበር። መለዋወጫ በቅርብ በማይገኝበት ሥፍራ ይህን ያላወቀ መካኒክ ያልተበላሸውን ፈትቶ ያበላሽ ነበር። ይህን ያወቀው ደግሞ «ውኃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» የሚለውን አባባል የሥራው መመሪያ አደረገው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ይህ ዕውቀት ከየት እንደ መጣና ዛሬም ለምን እንደሚያስፈልግ ነው።

የዳር አገር ከተማ

ማጂ ከኦሞ ቆላ በላይ፣ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በዲዚ ሕዝብ ምድር የተመሠረተች የደጋ ከተማ ናት። በ1890 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ሠራዊት ከካፋ ተነሥቶ ወደ ሩዶልፍ፣ በዛሬ ስሙ ወደ ቱርካና ሐይቅ ከዘመተበት ጊዜ ወዲህ አካባቢው የመንግሥቱ የደቡብ ምዕራብ ጠረፍ ሆነ። ከተማዋ በ1910ዎቹ ዓመታት የእንግሊዝ ቆንስላ መቀመጫ ነበረች፤ በዚያ በቆንስልነት የሠራው አርኖልድ ሆድሰን ስለ አገሩ መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደርሷል። ቆንስላው በዚያ የተቋቋመው ማጂ ለመንገድ ቅርብ ስለ ነበረች ሳይሆን ለሱዳንና ለኬንያ ወሰን ቅርብ በመሆኗ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ማጂ የሚጓዝ ሰው በቅሎ ጭኖ ሳምንታትን ይፈጅ ነበር።

በዚያ ዘመን ከፈሳሽ ነዳጅ ወገን ወደ ዳር አገር የሚደርሰው በመጀመሪያ የመብራት ጋዝ ነበር፤ የሚመጣውም በታኒካ ነው። ታኒካ በበቅሎ ጎንና ጎን ለመጫን የምትመች፣ ወደ 18 ሊትር የምትይዝ ባለ አራት ማዕዘን ቆርቆሮ ናት፤ ጋዙ ካለቀ በኋላም ውኃ መቅጃና እህል መስፈሪያ እየሆነች በቤት ውስጥ ረጅም ዕድሜ ታገለግላለች። ነዳጅን በዕቃ ከፋፍሎ መገልበጥና ለአንዱ ነገር የዋለውን ዕቃ ለሌላው ማዋል ከዚያ ዘመን ጀምሮ የቆየ ልማድ ነው። ልማዱ ለመብራት ብዙ ጉዳት አላመጣም፤ ለሞተር ግን አመጣ።

የአየር መንገድ አገልግሎት ሲመጣ ነገሩ በከፊል ተለወጠ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ በኋላ በነበሩት ዐሥርተ ዓመታት ዲሲ-3 አውሮፕላኖቹ በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና ከማጂ ተራራ ግርጌ ባለችው በቱም ሜዳ ያርፉ ነበር። ስለዚህ ማጂ ለመኪና ሩቅ፣ ለአውሮፕላን ግን ቅርብ ሆና ኖረች። ከቱም ወደ ማጂ የሚወጣው ዳገት ግን የመሬት መንገድ ነበር፤ በደረቁ ወራት አቧራ፣ በዝናቡ ወራት ጭቃ ይሆናል። ጎማ ያለው ነገር ሁሉ ጉልበቱ የሚፈተነው በዚህ ዳገት ነበር።

የዶቅዶቄ መምጣትና የጋራዥ ቋንቋ

ሞተር ብስክሌት በኢትዮጵያ ምድር በብዛት የታየችው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። የወራሪው ጦር ካመጣቸው መካከል ጂ.ቲ. 17 የተባለችው ባለ 500 ሴ.ሴ. ሞቶ ጉዚ ትገኛለች። ሕዝቡ ከድምፅዋ ተነሥቶ «ዶቅዶቄ» ሲል ስም አወጣላት። ወረራው በ1933 ዓ.ም. ሲያበቃ ሠራዊቱ ሄደ፤ መሣሪያውና ከመካኒኮቹ ጥቂት የማይባሉት ግን ቀሩ። በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና በጅማ ጋራዥ ከከፈቱት ከእነዚህ ሰዎች ሥር ብዙ ኢትዮጵያውያን ሙያውን ተማሩ።

ለዚህ ምስክሩ ቋንቋው ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ካቻቢቴ፣ ባሌስትራ፣ ጎማ፣ ፍሬን የሚሉት ቃላት ሁሉ ከዚያ የመጡ ናቸው። ሞተር ሳይጫን በዝቅተኛ ዙር የሚዞርበትን ሁኔታ መካኒኩ «ሚኒሞ» ሲል የሚጠራው በዚሁ ምክንያት ነው። ነገር ግን ከመምህሩ ወደ ደቀ መዝሙሩ የተላለፈው በአብዛኛው የዕቃው ስምና የእጅ ሥራው እንጂ በጽሑፍ የሠፈረ የምርመራ ሥርዓት አልነበረም። ደቀ መዝሙሩ ሥርዓቱን ያገኘው ጌታው ሲሠራ ከማየት ነበር፤ ያላየውንም ከስሕተቱ ተማረው።

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዓመታት የጃፓን ሥሪት የሆኑ ቀላል ሞተር ብስክሌቶች ወደ ገጠር ገቡ። ከእነዚህ አንዷ ለእርሻ ሥራ ተብላ የተሠራችው፣ ባለ ሁለት ምት ሞተር ያላት ያማሃ ኤ.ጂ. 100 ናት። የግብርና ኤክስቴንሽን ሠራተኛው፣ የወባ መከላከል ሠራተኛውና የጤና ባለሙያው መኪና በማይደርስበት፣ በቅሎም በማትፈጥንበት ቦታ የሚጠቀሙት በእንደነዚህ ያሉ ሞተሮች ነበር። በ1972 ዓ.ም. የተስፋፋው የክትባት ፕሮግራም ከተጀመረ በኋላ ደግሞ ከኮርቻው ጀርባ የሚታሰረው የክትባት ማቀዝቀዣ ሣጥን ሆነ። በሣጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ የሚቆየው ለተወሰነ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ክትባቱ ዋጋ የለውም። እንግዲህ በማጂ ዳገት ላይ የቆመ ሞተር የአንድ ሰው መዘግየት ብቻ አልነበረም፤ በዳገቱ ጫፍ ሕፃናቸውን ታቅፈው ለሚጠብቁ እናቶች ባዶ ቀን ነበር።

በርሚሉ

የነዳጅ ማደያ በሌለበት ሥፍራ ቤንዚን የሚቀመጠው 200 ሊትር በሚይዝ በርሚል ነው። በርሚል ለማጓጓዝ የሚመች ዕቃ ነው፤ ለማስቀመጥ ግን ዕውቀት ይጠይቃል። የሚዛን ተፈሪና የቴፒ አገር በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚያገኝ የደን ምድር ነው። በእንዲህ ያለ አገር በግማሽ የጎደለ በርሚል ሳይታወቅ ይተነፍሳል፤ ቀን ፀሐይ ሲያሞቀው በውስጡ ያለው አየር ሰፍቶ ይወጣል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ደግሞ እርጥቡን የደን አየር ይስባል። ከዚያ አየር የሚቋጠረው ጤዛ በግድግዳው ወርዶ ከቤንዚኑ በታች ይተኛል፤ ውኃ ከቤንዚን ይከብዳልና።

በርሚሉ በደጅ ቀጥ ብሎ ከቆመ ጉዳቱ ይብሳል። የዝናብ ውኃ በራሱ ላይ ባለው ክብ ጠርዝ ውስጥ ይጠራቀምና ውታፉን ይሸፍነዋል። ሌሊት በርሚሉ ሲቀዘቅዝ የሚስበው ያን ጊዜ አየር ሳይሆን ውኃ ይሆናል። ልምድ ያለው የመጋዘን ሠራተኛ በርሚሉን በጎኑ አስተኝቶ ሁለቱ ውታፎች በአንድ ማዕረግ፣ ከቤንዚኑ በታች እንዲሆኑ ያደርግ የነበረው ለዚህ ነው። ውታፉ ከውስጥ በቤንዚን ሲሸፈን አየርም ውኃም የሚገባበት ቀዳዳ አይኖርም። በደጅ ማቆም ግዴታ ከሆነም ከሥሩ በአንድ ወገን ድንጋይ አስገብቶ ያዘነብለዋል፤ ውታፉም ከፍ ባለው ወገን እንዲውል ያደርጋል።

ውኃ ዝገትን ይወልዳል። ከበርሚሉ የተነሣው ቀይ ዱቄት በጎማ ተመጥቶ ወደ ጀሪካን፣ ከጀሪካን ወደ ሞተሯ ታንክ ይገባል። በዚያም የሚጠብቀው ሌላ ዝገት አለ፤ ጎዶሎዋን ታንክ ይዛ ወራት የቆመች ሞተር የራሷን ታንክ ከውስጥ ትበላለችና። በጫካ ሜዳዎች ላይ ነዳጅ ከበርሚል የሚቀዱ አብራሪዎች ቤንዚኑን በለፋ ስስ ቆዳ የሚያጠሉት ይህን በማወቅ ነው። ቆዳው አስቀድሞ በቤንዚን ከራሰ ቤንዚኑን ያሳልፋል፣ ውኃውን ይይዛል። ተራ ጨርቅ ግን ቆሻሻውን ቢያስቀርም ውኃውን አያስቀርም፤ የራሱንም ክር ጨምሮ ይሰጣል።

ሌላው የበርሚል ችግር ዕድሜ ነው። ብዙ ወር የቆየ ቤንዚን ቀላሉ ክፍሉ በንኖ የቀረው ወደ ሙጫነት ይለወጣል፤ ሽታውም ይኮመጥጣል። ይህ ሙጫ በካርቡሬተሩ ውስጥ ያሉትን ከመርፌ ቀዳዳ የሚያንሱ መተላለፊያዎች ይደፍናል። ከዚህም ሌላ ቤንዚን ሲጠፋ ወይም ሲወደድ በላምባ የመቀላቀል ክፉ ልማድ ነበረ። መካኒኩ ይህን የሚያውቀው በቀላል ዘዴ ነው፤ ጥቂት ጠብታ በንጹሕ ወረቀት ላይ ያንጠባጥባል። ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ በንኖ ይጠፋል፤ ላምባ የገባበት ግን ቅባታም ምልክት ትቶ ይቆያል።

ተራራ ላይ የሚሞት ሞተር

በዳገታማው አገር በተደጋጋሚ የሚታይ አንድ የሕመም ምልክት አለ። ሞተሯ በሜዳው ላይ ምንም እንከን ሳይታይባት ትሄዳለች። ዳገቱን ከጀመረች ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ጉልበቷ ይከዳታል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ከዚያም ትሞታለች። ነጂው ወርዶ በጥላ ሥር አምስትና ዐሥር ደቂቃ ያርፋል፤ መልሶ ሲረግጣት ትነሣለች፤ ጥቂት ሄዳ እንደ ገና ትሞታለች። ብዙ ሰው ከዚህ ተነሥቶ «ሞተሩ ሞቀ» ብሎ ይፈርዳል። ፍርዱ ምክንያታዊ ይመስላል፤ ዳገት ያሞቃል፣ ዕረፍት ያበርዳል። እውነቱ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው።

በእነዚህ አሮጌ ሞተሮች ላይ ቤንዚኑን የሚገፋ ፓምፕ የለም። ነዳጁ ከታንኩ ወደ ካርቡሬተሩ የሚወርደው በራሱ ክብደት ብቻ ነው። ታንኩ ከካርቡሬተሩ በ30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል፣ ይህ የቤንዚን ዐምድ የሚፈጥረው ግፊት በባሕር ወለል ካለው የአየር ግፊት ከ50 እጅ አንዱ ያህል ነው። ይህን ያህል ደካማ ግፊት ጥቂት ዝገት ወይም አንዲት የውኃ ጠብታ ልታሸንፈው ትችላለች።

ለምሳሌ ያህል አንዲት ቀላል ሞተር በሜዳ ላይ በደቂቃ 15፣ በዳገት ደግሞ 30 ሚሊ ሊትር ቤንዚን ትፈጃለች እንበል። ማጣሪያው በከፊል ተደፍኖ በደቂቃ 20 ሚሊ ሊትር ብቻ የሚያሳልፍ ቢሆን፣ በሜዳው ላይ የሚጎድል ነገር የለም። በዳገቱ ግን በየደቂቃው 10 ሚሊ ሊትር ይጎድላል። ይህን ጉድለት የሚሸፍነው በካርቡሬተሩ ጽዋ ውስጥ የተጠራቀመው ቤንዚን ነው፤ እርሱም 20 ሚሊ ሊትር ቢሆን በሁለት ደቂቃ ያልቃል፣ ሞተሯም ትሞታለች። ነጂው ሲያርፍ ጽዋው ቀስ ብሎ ይሞላል፣ ሞተሯም ትነሣለች። ስለዚህ ዕረፍቱ ያደረገው ሞተሩን ማብረድ ሳይሆን ጽዋውን መሙላት ነው።

ሁለቱን ለመለየት የሚያስፈልገው አንድ ካቻቢቴ ብቻ ነው። ሞተሯ እንደ ሞተች ወዲያውኑ የነዳጅ መክፈቻው ተዘግቶ በጽዋው ሥር ያለው የማፍሰሻ ቡሎን ይላላል። ከጽዋው የሚወጣው ጥቂት ጠብታ ብቻ ከሆነ ችግሩ ከካርቡሬተሩ በላይ ነው። ጽዋው ሙሉ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ነዳጁ እስከዚያ ድረስ ደርሷልና ምክንያቱ ከጽዋው ወዲያ ይፈለጋል፤ ወይ በጄቱ ነው፣ ወይ ደግሞ ሲሞቅ ሥራውን በሚያቆም የኤሌክትሪክ ጥቅልል ነው። ይህች የአንድ ደቂቃ ሙከራ የግማሽ ቀን መፍታትና መግጠም ታስቀራለች።

ቅደም ተከተሉ

ልምድ ያላቸው መካኒኮች የሚከተሉት ሥርዓት ቤንዚኑ ራሱ የሚሄድበትን አቅጣጫ የተከተለ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ካንዴላው ይፈታል። ሞተሩ ብዙ ጊዜ ተረግጦ ካንዴላው ደረቅ ከሆነ ነዳጅ አልደረሰም፤ እርጥብ ከሆነ ነዳጅ ደርሷልና ምርመራው ወደ እሳቱ ይዞራል። የነዳጅ ችግር ተብሎ የሚመጣው ብዙ ነገር የእሳት ችግር ሆኖ ስለሚገኝ ይህን ሳይለዩ መጀመር ጊዜን ማጥፋት ነው።

ቀጥሎ የሚመረመረው የታንኩ ክዳን ነው። በክዳኑ ላይ አየር የሚያስገባ ጥቃቅን ቀዳዳ አለ። ቤንዚኑ ሲወርድ በቦታው አየር ካልገባ በታንኩ ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል፤ ከላይ እንደ ተገለጸው የግፊቱ ኃይል ደካማ በመሆኑ ከመቶ ሁለት እጅ ያህል መቀነስ መፍሰሱን ለማቆም ይበቃል። የደረቁ ወራት አቧራ ከዝናብ ጋር ሲቦካ ይህን ቀዳዳ እንደ ጭቃ ምርጊት ይደፍነዋል። ሞተሯ በሞተች ጊዜ ክዳኑ ሲከፈት አየር እየተሳበ የሚያፏጭ ከሆነ፣ በሽታው ተገኘ ማለት ነው፤ መድኃኒቱም አንዲት ስስ ሽቦ ናት።

ሦስተኛው መክፈቻው ነው። በታንኩ ውስጥ ሁለት መግቢያዎች አሉት፤ ለዋናው አገልግሎት የሚሆነው ከወለሉ ከፍ ያለ ቀጭን ዘንግ ነው፣ ሪዘርቩ ግን ከወለሉ ይቀዳል። ውኃና ዝገት የሚተኛው በወለሉ ስለሆነ፣ ሪዘርቭን ዘወትር የማይከፍት ሰው በችግር ጊዜ ሲከፍት የሚያገኘው ለዓመታት የተጠራቀመውን ዝቃጭ ነው። ታንኩ ሞልቶ ሳለ በዋናው ሞታ በሪዘርቭ የምትነሣ ሞተር ደግሞ የዋናው መግቢያ ማጣሪያ እንደ ተደፈነ ትናገራለች። ብዙዎቹ ታንኮች እንደ ኮርቻ በሞተሯ አከርካሪ ላይ ግራና ቀኝ ተንጠልጥለው የተሠሩ ናቸው፤ መክፈቻው ግን በአንዱ ወገን ብቻ ነው። ቤንዚኑ ሲያንስ በወዲያኛው ወገን የቀረው ወደ መክፈቻው አይደርስም። ነጂው ሞተሯን ወደ መክፈቻው ወገን በጎኗ ቢያስተኛት የቀረው ይሻገራል፤ ከምድረ በዳ ወደ ከተማ የሚያደርስ ቤንዚን በዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ ተገኝቷል።

አራተኛው የፍሰቱ ሙከራ ነው። ቱቦው ከካርቡሬተሩ ተነቅሎ ነዳጁ ወደ ጠርሙስ እንዲወርድ ይደረጋል። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ለዐሥር ሴኮንድ በደንብ የወረደ ነዳጅ ለሁለት ደቂቃ ላይወርድ ይችላል፤ የክዳኑና የማጣሪያው ጉድለት የሚታየው ጊዜ ሲሰጠው ነው። ጠርሙሱ ለጥቂት ጊዜ ቆሞ ሲታይም ውኃው እንደ ዶቃ ተንከባሎ ከሥር ይታያል።

እስከዚህ ሁሉ ጤና ከሆነ ብቻ ወደ ካርቡሬተሩ ይገባል። በውስጡ ተንሳፋፊው ከፍ ሲል መርፌው መግቢያውን ይዘጋል፣ ዝቅ ሲል ይከፍታል። መርፌው ከተጣበቀ ነዳጅ አይገባም፤ ካልዘጋ ደግሞ ቤንዚኑ ሞልቶ ይፈስሳል። ሞተሯ በሚኒሞ አልቆም ብላ ፍጥነት ሲሰጣት የምትስተካከል ከሆነ የተደፈነው የዝቅተኛው ዙር ጄት ነው፤ በሚኒሞ ቆማ ስትጫን የምትወድቅ ከሆነ ዋናው ጄት ነው። የአየር መዝጊያው በከፊል ሲዘጋ ጉልበት ካገኘች ድብልቁ ነዳጅ ያነሰው ነበር ማለት ነው። የተደፈነ ጄት የሚጸዳው በንጹሕ ቤንዚንና በአየር ግፊት ነው፤ ብረት ሽቦ ግን ጄቱ የተሠራበትን ለስላሳ ናስ ይፍቃል።

ከፍታና ዝቅታ

በአካባቢው አንድ ሌላ ነገር መካኒኩን ያሳስተዋል። እርሱም የምድሩ ከፍታ ነው። በ2,300 ሜትር ላይ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ 20 በመቶ ያህል የሳሳ ነው፤ በ1,100 ሜትር ላይ ደግሞ 10 በመቶ ያህል። ተራ ካርቡሬተር ይህን ለይቶ አያውቅም፤ አየሩ ሲሳሳ የሚሰጠውን ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስም። በዚህ ምክንያት በደጋ ድብልቁ ነዳጅ ይበዛበታል፣ በቆላ ያንሰዋል። በአዲስ አበባና በቴፒ ከፍታ መካከል ብቻ ያለው ልዩነት ከመቶ ስድስት እጅ ያህል ይሆናል።

እንግዲህ በአዲስ አበባ ተስተካክላ ወደ ቴፒ የወረደች ሞተር ምንም ሳይደፈንባት ነዳጅ እንዳነሳት ሞተር ትሆናለች፤ ከቴፒ ወደ ማጂ የወጣችው ደግሞ ጥቁር ጭስ ታወጣለች፣ ካንዴላዋም ይጠቁራል። ይህ የጄት ቁጥር ጉዳይ እንጂ የመደፈን ጉዳይ አይደለም። ካንዴላው በቆላ ነጥቶ፣ በደጋ ጠቁሮ ሲታይ አስተዋዩ መካኒክ አስቀድሞ የሚጠይቀው «የት ተስተካከለች?» ብሎ ነው።

የችኮላ ዋጋ

ከዚህ ሁሉ በላይ የከፋው ጉዳት የሚመጣው ከችኮላ ነው። ሞተሯ ነዳጅ እንዳነሳት ያየ ሰው የነዳጁን መምጫ ሳይመረምር ጄቱን በመርፌ ወይም በሽቦ ያሰፋል። ጄት የሚለካው በሚሊ ሜትር መቶኛ ነው፤ በዓይን የማይታይ ስፋት ድብልቁን ይለውጣል። በኋላ ማጣሪያው ሲጸዳ ሞተሯ ነዳጅ ትጠጣለች፣ ታጨሳለች፣ ጉልበቷም ይጠፋል፤ ትክክለኛው ጄት ግን ከእንግዲህ የለም። አዲስ ጄት ማግኘት ደግሞ ወደ ጅማ ወይም ወደ አዲስ አበባ መላክን ይጠይቅ ነበር።

ባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ ነገሩ የባሰ ነው። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ በሚገባበት ሞተር ቤንዚን አነሰ ማለት ማለስለሻም አነሰ ማለት ነው። ድብልቁ ሲሳሳ ሙቀቱ ይጨምራል፣ በዚያው ሰዓት ዘይቱ ይቀንሳል፤ ፒስቶኑም ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። እንደ ያማሃዎቹ ዘይቱን በተለየ ፓምፕ የሚያገኙት ከዚህ ሁለተኛው አደጋ ቢድኑም ከመጀመሪያው አይድኑም። ስለሆነም በክዳኑ ላይ ያለችውን ቀዳዳ ያልመረመረ ሰው ፒስቶን ሊያጣ ይችላል።

የረጅሙ መንገድ መለወጥ

ረጅሙ የቤንዚን መንገድ በአገሪቱ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ ተናውጧል። በ1959 ዓ.ም. የአሰብ ማጣሪያ ሥራ ሲጀምር ድፍድፉን በአገር ውስጥ ማጣራት ተቻለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የዓለም የዘይት ዋጋ በመናሩ በየካቲት 1966 ዓ.ም. የተደረገው የቤንዚን ዋጋ ጭማሪ የአዲስ አበባን ታክሲ ነጂዎች ለሥራ ማቆም አነሣሥቷል፤ ይህም የዘውዱን ሥርዓት ወደ ፍጻሜው ካደረሱት ክሥተቶች አንዱ ሆኗል። የአሰብ ማጣሪያ በ1989 ዓ.ም. ተዘጋ፤ በሚቀጥለው ዓመት ከኤርትራ ጋር በተነሣው ጦርነት ምክንያትም የገቢው መንገድ ወደ ጅቡቲ ዞረ። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ በሚሸጠው ቤንዚን ውስጥ 5 በመቶ፣ በ2003 ዓ.ም. 10 በመቶ ኢታኖል መቀላቀል ተጀመረ።

ይህ የመጨረሻው ለአሮጌ ሞተሮች ልዩ ትርጉም ነበረው። ኢታኖል ውኃን ይስባል፤ ውኃው ሲበዛም ከቤንዚኑ ተለይቶ ከሥር ይተኛል። በአሮጌ ታንክ ግድግዳ ላይ የደረቀውን ሙጫ አላቅቆ ወደ ማጣሪያው ይሰድዳል። ለእርሱ ያልተሠሩትን የጎማ ቱቦዎችና ማሸጊያዎችም ያሳብጣል ወይም ያደርቃል። ለዓመታት ያለ ችግር ስትሠራ የኖረች ሞተር በድንገት ማጣሪያዋ ሲደፈን ምክንያቱ በሞተሯ ውስጥ አይገኝም፤ ሥሩ የተለወጠው ነዳጅ ነው።

በደቡብ ምዕራቡም መንገዱ ተለውጧል። የጅማና የሚዛን መንገድ በ2000ዎቹ ዓመታት አስፋልት ለብሷል። ማጂ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ትገኛለች። በሚዛንና በቴፒ ጎዳናዎች ሰውና ዕቃ የሚያመላልሱ አዳዲስ የሕንድ ሞተሮች በዝተዋል። በርሚሉ ግን በሌላ መልክ ተመልሷል፤ ቤንዚን ከማደያ ሲጠፋ በመንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ ይሸጣል። ጠርሙሱ ፀሐይ ላይ ይውላል፣ ቀድሞ ምን እንደ ነበረበት አይታወቅም፣ ላምባ ቢገባበትም ከሩቅ አይለይም። ካርቡሬተር ያላቸው አዳዲሶቹ ሞተሮችም በዚህ ነዳጅ የሚታመሙት በአሮጌዎቹ በሽታ ነው።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ዘመኑ ወዴት እንደሚያመራ ያሳያል። ካርቡሬተር አንድ ቀን የሙዚየም ዕቃ ይሆናል። ይሁን እንጂ በገጠሩ የጤና ጣቢያ ግቢ፣ በእርሻ ጽሕፈት ቤት ጥላ ሥርና በግለሰቦች ቤት የቆሙ አሮጌ ሞተሮች አሁንም ብዙ ናቸው። ከእነዚህም ስንቶቹ «ካርቡሬተራቸው ሞቷል» ተብለው እንደ ተጣሉ የሚያውቅ የለም፤ ከእነርሱ መካከል ግን በአንዲት ሽቦና በንጹሕ ቤንዚን የሚነሡ አይጠፉም።

በዳር አገር የሠሩ መካኒኮች ያቆዩት ዕውቀት በመጽሐፍ አልሠፈረም። ካንዴላውን አይቶ መጀመር፣ ክዳኑን ከፍቶ ማዳመጥ፣ ጠርሙሱን አቁሞ መመልከት፣ ካርቡሬተሩን በመጨረሻ መፍታት በእጅ የተላለፈ ሥርዓት ነው። በእጅ የተላለፈ ነገር እጁ ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። ስለሆነም በየጋራዡ ያሉ አንጋፋዎች የሚያውቁትን ቅደም ተከተል ወጣቱ ባለሙያ በጽሑፍ እንዲይዘው ማድረግ ለሙያው የሚገባ ሥራ ነው፤ ከሁሉ አስቀድሞም መካኒኩ መፍቻ ከማንሣቱ በፊት ነዳጁ ከየት እንደ ተቀዳና በምን ዕቃ እንደ ቆየ እንዲጠይቅ ማስተማር ይገባል።